ሳይደርቅ በእርጥቡ
የሕንፃ ሕግ ለሰው ደኅንነትና ለሁሉም መገልገል ስላለው ድርሻ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ጠብና ስለ ዕርቅ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ቤተሰብ ችግር ይሁን እንጂ፣ ቃሉን ከማንም ይበልጥ ሊያስተውለው የሚገባው በአርማታ የሚሠራ ሰው ነው። አርማታ እርጥብ ሆኖ በሚቆይበት ጥቂት ሰዓት ውስጥ ስሕተት ይታረማል፤ የጎደለ ይጨመራል፤ የተጣመመ ይቃናል። ከደረቀ በኋላ ግን ስሕተቱ የሕንፃው አካል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚገልጠው መዶሻ ነው፤ መዶሻ ያልደረሰበት እንደ ሆነ ደግሞ እሳት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ይገልጠዋል።

የሕንፃ ሕግ በመሠረቱ፣ መጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ነገሩ ገና እርጥብ ሳለ እንዲጠየቅ የሚያስገድድ ሥርዓት ነው። ፕላኑ በወረቀት ላይ ሳለ ይመረመራል፤ መሠረቱ ሳይሞላ ይታያል፤ ብረቱ በአርማታ ሳይሸፈን ይቆጠራል፤ ሕንፃው ሰው ሳይገባበት ይፈተሻል። ይህ ቅደም ተከተል የተጠበቀ እንደ ሆነ ሕጉ ሕይወት ያድናል። ቅደም ተከተሉ ፈርሶ ፊርማው ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ግን ሕጉ የሚሰጠው ከንቱ መተማመንን ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ ማስረዳትና ኃላፊነቱ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ማመልከት ነው።

ከወደቀ በኋላ የሚናገር ሕግ፣ ከመውደቁ በፊት የሚናገር ሕግ

ሰው ስለ ቤት አሠራር ሕግ ማውጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ሕግ፣ ግንበኛ አጽንቶ ያልሠራው ቤት ፈርሶ የቤቱን ባለቤት የገደለ እንደ ሆነ ግንበኛው በሞት ይቀጣ ነበር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የሚገኘው ትእዛዝ ግን መንገዱ ሌላ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ አስቀድሞ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል።

ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያየ ሰው ልዩነታቸውን ለመረዳት አይቸገርም። የመጀመሪያው የሚናገረው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው የሚናገረው ቤቱ ገና ሲሠራ ነው። የመጀመሪያው የሚያስበው ስለ በደለኛው ነው፤ ሁለተኛው የሚያስበው ስሙ ገና ስላልታወቀው፣ አንድ ቀን በዚያ ጣራ ላይ ስለሚወጣው እንግዳ ወይም ሕፃን ነው።

በማናቸውም ዘመን ሕንፃ ሲነደፍ ባለገንዘቡ፣ አርክቴክቱ፣ መሐንዲሱና ተቋራጩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የማይገኘው ዋናው ሰው ነው፤ ይኸውም ከ20 ዓመት በኋላ በ4ኛው ፎቅ ላይ የሚማረው ልጅ፣ ሕፃን በአንቀልባ አዝላ ወደ ክሊኒክ የምትመጣው እናት፣ በዘንግ እየተመራ የሚገባው ዓይነ ስውር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው የጦር ጉዳተኛ ነው። ለእነዚህ ሁሉ በጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ የሚይዝላቸው ሕጉ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ሁለቱንም ዓይነት ንግግር ተናግሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል፤ ሥራ ተቋራጩም ሥራውን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ እስከ 10 ዓመት ድረስ ስለ ሥራው ትክክለኛነትና ስለ ሕንፃው ጽናት ዋስ እንዲሆን አድርጓል። ይህ ብርቱ ድንጋጌ ነው። ሆኖም ካሣ የሚከፈለው ለተጎጂ ወይም ለወራሽ ነው፤ የሞተውን አያስነሣም። ከመውደቁ በፊት የሚናገረው ሕግ አገር አቀፍ መልክ ይዞ የመጣው በ2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በታወጀ ጊዜ ነው፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም በ2003 ዓ.ም. ተከተለ።

ሕግ የአገሩን ምድር ማወቅ አለበት

የሕንፃ ሕግ ከሌላ አገር እንዳለ ተገልብጦ ሊመጣ የማይችልበት ምክንያት፣ ሕንፃ የሚቆመው በአገሩ ምድር ላይ ስለ ሆነ ነው። የኢትዮጵያ ምድር ደግሞ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ የተሰነጠቀ ነው። በነሐሴ ወር 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ብርቱ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ የምትገኘው የሰርዶ ከተማ ፈርሳለች። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመውን የኢትዮጵያንና የአፍሪቃ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሲያዘጋጁ፣ ይህን የመሰለ ማስረጃ ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ ጭምር እየለቀሙ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ ይህን ታሪክ ለአዲሱ ትውልድ አስታውሷል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። በአዲስ አበባም በፎቅ ላይ የሚኖር ሰው አልጋው ሲወዛወዝ ነቅቶ፣ በሌሊት ደረጃ እየወረደ ወደ ደጅ ወጥቷል። በዚያች ሌሊት በብዙ ሰው አእምሮ የተመላለሰው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ይህ ቤት እንዴት ነው የተሠራው?» የሚል።

ለዚህ ጥያቄ የጽሑፍ መልስ የሚሰጡት የአገሪቱ የአሠራር ደረጃዎች ናቸው። ስለ ሕንፃ ጭነት እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1983 የወጡት ደረጃዎች መሠረት ጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አሠራር ደረጃ ሰፋ ባለ መልክ ተካቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከአውሮፓ ደረጃዎች ጋር የተጣጣመው አዲሱ ደረጃ ወጣ። የ1995ቱ ደረጃ አዲስ አበባን በ2ኛው የመንቀጥቀጥ ቀጣና መድቦ፣ በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ለሚጠበቅ መንቀጥቀጥ የምድርን ስበት 0.05 እጅ የሚያህል የመሬት ፍጥንጥነት ያስብ ነበር። የ2015ቱ ደረጃ ግን በአማካይ በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን መንቀጥቀጥ መለኪያ አድርጎ ለዚሁ ከተማ 0.10 ያስባል። የአዲስ አበባ ምድር በ20 ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚጠየቀው የጥንቃቄ መጠን ነው። ከዚህም የተነሣ፣ በቀድሞው ደረጃ በታማኝነት የተሠራ ሕንፃ እንኳ ዛሬ ከሚጠየቀው በታች የታሰበለት ሊሆን ይችላል። በማንኛውም ደረጃ ያልተሠራው ሕንፃ ከዚህ በምን ያህል እንደሚያንስ መገመት አያዳግትም።

መሬቱም ቢሆን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጥቁሩ የመረሬ አፈር ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ ላይ በጥልቀት ሳይቆፈር የተጣለ መሠረት ከአፈሩ ጋር ከፍና ዝቅ ሲል፣ ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል። የአፈር ምርመራ ወረቀት ከፈቃድ ማመልከቻ ጋር እንዲያያዝ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። የጎረቤትን የምርመራ ውጤት ስሙን ለውጦ የሚያያይዝ ሰው የሚያታልለው ጽሕፈት ቤቱን ነው፤ አፈሩን ግን አያታልልም።

የግማሽ ሰዓት ፈተና

የ2001ዱ አዋጅ 10,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ባላቸው ከተሞች እንዲፈጸም ሆኖ ሲወጣ፣ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» በሚል በሦስት ምድብ ከፈለ። ባለ አንድ ፎቅ አነስተኛ ሕንፃ በመጀመሪያው ምድብ፣ ከዚያ የሚበልጠው በሁለተኛው፣ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ ሁሉ በሦስተኛው ምድብ ገባ። በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲሾም፣ ያለ ግንባታ ፈቃድ ሥራ እንዳይጀመር፣ ከፍ ያሉት ምድቦች በተመዘገቡ ባለሙያዎች እንዲነደፉና እንዲታዩ፣ የምድብ «ሐ» ሕንፃም የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኝ ሰው እንዳይገባበት ታዘዘ። አሳቡ ግልጽ ነው፤ የሚጎዳው ሰው ቁጥር በጨመረ መጠን፣ ሕንፃውን የሚያየው ዓይንም ይጨምራል።

ይሁን እንጂ አዋጅ ራሱ ወደ ሥራ ቦታ አይሄድም። የሕጉ ዕድል የሚወሰነው በአንድ ምሽት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። በየከተማው በየዕለቱ የሚታየው ሁኔታ እንደሚከተለው ነው። የ2ኛው ፎቅ የዓምድ ብረት ቆሟል፤ ማሽኑ አርማታ እያዞረ ነው፤ የቀን ሠራተኞቹ ባሬላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ዝናብ አዝሏል። በዚያ ሰዓት ወጣቱ የሥራ ቦታ መሐንዲስ በባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ወጥቶ ሜትሩን ሲዘረጋ፣ በንድፉ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መታሰር ያለበት ስታፋ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ታስሮ ያገኘዋል።

«ይፈታና እንደገና ይታሰር» ይላል።

ፎርማኑ ይስቃል። «ኢንጂነር፣ ስንቱ ሕንፃ በዚህ ዓይነት ተሠርቷል፤ የወደቀ አይተዋል?» ይለዋል።

የሕንፃው ባለቤትም ከታች ሆነው፣ «ልጄ፣ የዛሬው ሲሚንቶ ከተበላሸ ማን ሊከፍለኝ ነው? አንድ ዓምድ ምን ያመጣል?» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ነገ በዚህ ቤት የሚያድሩት የእርስዎ ልጆች ናቸው» ብሎ የሚመልስላቸው መሐንዲስ አለ፤ አንገቱን ደፍቶ ከመወጣጫው የሚወርድም አለ። አርማታው ከፈሰሰና የዓምዱ ሳንቃ ከተነሣ በኋላ ሁለቱ ዓምዶች በዓይን አይለዩም። ሁለቱም ግራጫ ናቸው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የሁለቱም ፋይል ፊርማ አለበት።

ልዩነታቸው የሚታየው ምድር ስትናወጥ ነው። ስታፋ ለቋሚው ብረት እንደ መቀነት ነው። ዓምዱ ወደ ጎን ሲገፋ የላይኛው የአርማታ ልባስ ተፈርፍሮ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ቋሚው ብረት ወደ ውጭ እንዳይጎብጥ፣ በውስጥ ያለው አርማታም እንዳይበተን አቅፎ የሚይዘው ስታፋ ብቻ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ካልተቆለመመ ደግሞ እንደ ላላ ቀበቶ ይከፈታል። ይህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው ዓምዱ ከወለልና ከአግዳሚው ጋር በሚገናኝበት ላይና ታች ስለ ሆነ፣ ንድፉ በዚያ ቦታ ስታፋውን ያጠጋጋል። ፎርማኑ «አንዱም አልወደቀም» ሲል እውነቱን ነው፤ ገና አልተፈተኑምና።

በከተሞች ዋና ጎዳናዎች የተለመደው የሕንፃ ዓይነት ሲታከልበት ነገሩ ይከፋል። ምድር ቤቱ ለሱቅ እንዲመች ግድግዳ የሌለው መስተዋት ብቻ ይሆናል፤ ከላይ ያሉት ፎቆች ግን በብሎኬት ግድግዳ የተሞሉ ናቸው። መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ የላይኛው ክፍል እንደ አንድ ሣጥን ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ መወዛወዙን በሙሉ የሚሸከሙት የምድር ቤቱ ቀጫጭን ዓምዶች ይሆናሉ። በዓለም ዙሪያ በመንቀጥቀጥ ከፈረሱት ሕንፃዎች ብዙዎቹ የወደቁት በዚህ መንገድ፣ ከእግራቸው ታጥፈው ነው። የንድፍ ደረጃው ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ ሥራው ግን ፕላኑ ሲመረመር ይህን ድካም የሚያይ ዓይን ይፈልጋል።

የሚያስገባ በርና የሚያስወጣ በር

የሕንፃ ደኅንነትና የሁሉም ሰው መገልገል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መስለው ይታያሉ። የመጀመሪያው የመሐንዲሱ፣ ሁለተኛው የበጎ አድራጊው ተደርጎ ይወሰዳል። እውነቱ ግን ሁለቱም አንድ በር ናቸው፤ የሚያስገባ በርና የሚያስወጣ በር።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1942 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ኮኮናት ግሮቭ በተባለ የምሽት ክበብ እሳት ተነሥቶ 492 ሰዎች ሞቱ። ዋናው መግቢያ የሚሽከረከር በር ነበር፤ ሕዝቡ ከሁለቱም ወገን ሲገፋው ተቀርቅሮ ቆመ። ከሌሎቹ በሮች አንዳንዶቹ ተቆልፈው ነበር፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተውም በር የሰው ግፊት ደግፎት ሊከፈት አልቻለም። ከዚያ በኋላ የሚሽከረከር በር በአጠገቡ ወደ ውጭ የሚከፈት ተራ በር እንዲኖረው በየቦታው ሕግ ሆነ። ዛሬ በመሰብሰቢያ አዳራሽ በር ላይ «ወደ ውጭ ይከፈታል» የሚል አንድ መስመር በንድፍ ላይ ሲጻፍ፣ ያ መስመር በ492 ሰዎች ሕይወት የተገዛ መሆኑ ሊታሰብ ይገባል።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ወደ ገበያ አዳራሽ የገባ ሰው ዓይኑን ቢያነሣ፣ ሌባን በመፍራት በሰንሰለት የታሰረ የአደጋ መውጫ፣ በብረት ፍርግርግ የታጠረ መስኮት፣ የዕቃ ማከማቻ የሆነ ደረጃ ማየቱ አይቀርም። ሌባን መፍራት ተገቢ ፍርሃት ነው። ነገር ግን ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ሌባንም ይከለክላል፣ ሰውንም ያስወጣል።

ስለ መግቢያው ደግሞ አዋጁ፣ ማናቸውም የሕዝብ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉት ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበትም ሕንፃ ለእነርሱ የሚሆን በቂ መጸዳጃ እንዲዘጋጅ ደነገገ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ስታጸድቅ ይኸው ግዴታ ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም ሆነ።

ይህ ድንጋጌ በተግባር ለምን እንደሚከሽፍ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ተዳፋት በብዙ አገሮች ደረጃ ከ1 ለ12 እንዳይበልጥ ይፈለጋል። የሕንፃው መግቢያ ከመንገዱ 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ማረፊያው ሳይታሰብ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። ቦታው ገና ባዶ ሳለ 12 ሜትር በእርሳስ የሚሰመር አንድ መስመር ነው፤ ወይም የምድር ቤቱን ወለል ዝቅ በማድረግ ጨርሶ የማያስፈልግ ሊሆን ይችላል። ሕንፃው የይዞታውን ወሰን ነክቶ ካለቀ በኋላ ግን 12 ሜትር ከየትም አይገኝም። ያን ጊዜ ለመጠቀሚያ ፈቃድ ሲባል ርዝመቱ ከ3 ወይም ከ4 ሜትር የማይበልጥ ቁልቁለት በደረጃው ጎን ይለጠፋል። ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ብቻውን ቢሞክረው ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ ሰው ቢገፋውም ሲመለስ አያቆመውም። ወረቀቱ ተሟልቷል፤ ሰውየው ግን ውጭ ቀርቷል።

አሳንሰርም ቢሆን ብቻውን መልስ አይሆንም። ከደረጃው እኩሌታ ላይ የሚቆም አሳንሰር፣ በሩ ከወንበሩ የጠበበ አሳንሰር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም አሳንሰር ለማንም አይጠቅምም። እሳት በተነሣ ጊዜ ደግሞ አሳንሰር መጠቀም የተከለከለ ነው፤ ስለ ሆነም በ5ኛው ፎቅ ላይ የሚሠራ አካል ጉዳተኛ በደረጃው አጠገብ ከጢስ ተጠብቆ ረዳት የሚጠብቅበት ሰፊ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ሰውን ማስገባት ያሰበ ንድፍ፣ ማስወጣቱንም እስኪያስብ ድረስ ሥራው ግማሽ ነው።

ተዳፋቱ የሚያገለግለው ደግሞ አካል ጉዳተኛውን ብቻ አይደለም። ሽማግሌው በምርኩዙ፣ ነፍሰ ጡሯ በዝግታ፣ ተሸካሚው ከነጭነቱ ይሄድበታል። ዛሬ ጉልበት ያለው መሐንዲስ ራሱ ከ40 ዓመት በኋላ የነደፈውን ደረጃ የሚወጣው የመደገፊያውን ብረት ይዞ ነው።

ከደረቀ በኋላ የሚሰጥ ምሕረት

የሕንፃ ሕግ መኖር ብቻውን እንደማይበቃ የቅርብ ዘመን ታሪክ አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በ7 ሳምንት ልዩነት ሁለት መንቀጥቀጦች ደረሱ። በጃንዋሪ ወር በሃይቲ የደረሰው መጠኑ 7.0 ነበር፤ የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፣ ዝቅተኛው ግምት እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። በፌብሩዋሪ ወር በቺሊ የደረሰው መጠኑ 8.8 ነበር፤ የለቀቀው ኃይል ከሃይቲው 500 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ የሟቹ ቁጥር ግን 500 ገደማ ሆነ። እርግጥ ነው፣ የሃይቲው መንቀጥቀጥ የተነሣው ለዋና ከተማው እጅግ ቅርብ ከሆነ ቦታ ነበር። ዋናው ልዩነት ግን ሃይቲ በዚያን ጊዜ አገር አቀፍ የሕንፃ ደረጃ ያልነበራት ስትሆን፣ ቺሊ ለብዙ አሥርት ዓመታት ደረጃዋን ከአደጋ እየተማረች ያሻሻለችና የመጀመሪያው የሕንፃ ባለቤት ለመዋቅር ጉድለት እስከ 10 ዓመት ኃላፊ እንዲሆን ያደረገች አገር መሆኗ ነው። ይህ የ10 ዓመት ኃላፊነት በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ካለው ጋር ተመሳሳይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ልዩነቱ በአፈጻጸም ላይ ነው።

የቱርክ ምሳሌ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ቱርክ ዘመናዊ የመንቀጥቀጥ ደረጃ የነበራት አገር ናት። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ሕግ ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ ውጭ የተሠሩ ሕንፃዎች ገንዘብ እየከፈሉ ሕጋዊ ሰነድ እንዲያገኙ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ መንቀጥቀጥ ሲደርስ በዚያች አገር ብቻ ከ50,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከፈረሱት ሕንፃዎች ስንቱ በዚያ ምሕረት ያለፈ እንደ ሆነ አንድ በአንድ መቁጠር ባያስፈልግም፣ ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። መንግሥት ለሰው ምሕረት መስጠት ይችላል፤ ለዓምድ ግን ምሕረት መስጠት አይችልም። ሰነዱ የደረቀውን አርማታ አያረጥበውም፤ የጎደለውን ስታፋ አይጨምርም።

ሕጉ ሸክም እንዳይሆን

በሕንፃ ሕግ ላይ የሚሰማው ቅሬታ ሁሉ ከስስት የመነጨ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ፈቃድ ለማግኘት ወራት የሚፈጅ ከሆነ፣ ለአንዲት ክፍል ቤት የሚጠየቀው ወረቀት ለትልቅ ሕንፃ ከሚጠየቀው የማይተናነስ ከሆነ፣ መርማሪው ሲመጣ ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሰው ከሕጉ ይሸሻል። የጨረቃ ቤት የሚባለው በአንድ ሌሊት የሚቆመው ሕግን በመናቅ ብቻ ሳይሆን፣ በቀን የሚሠራበት መንገድ በመጥፋቱም ጭምር ነው። በጨለማ የተሠራን ቤት ደግሞ እርጥብ ሳለ የሚያየው የለም።

ስለዚህ ለድሀው ቤት የሚስማማ ሕግ ማሰብ ያስፈልጋል። በደንብ የተሠራ የጭቃ ቤት ከነቆርቆሮ ጣራው ቀላል ነው፤ ማገሩ ከቋሚው ጋር፣ ቋሚው ከጣራው እንጨት ጋር አጥብቆ ከተያያዘ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይወዛወዛል እንጂ በቀላሉ በሰው ላይ አይደረመስም። ይበልጥ የሚያሰጋው በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ነው። ቋሚው በድንጋይ መሠረት ላይ ቆሞ ከእርጥበትና ከምስጥ እንዲጠበቅ፣ ማዕዘኑ በሰያፍ እንጨት እንዲታሰር፣ በሩ ወንበርም ቃሬዛም እንዲያሳልፍ የሚያሳይ ባለ ሥዕል አንድ ገጽ መመሪያ፣ ማንበብ ለማይችል አናጢ እንኳ ሊገባው ይችላል። ሕግ ሰዉ ሊፈጽመው በሚችለው መጠን ሲቀርብ ተፈጻሚነቱ ይጨምራል።

የማኅበሩና የአባላቱ ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ፣ የሕንፃ ሹሙ ብቻውን ከተማን ሊጠብቅ እንደማይችል ነው። አንድ ሹም በወር ስንት የሥራ ቦታ ሊያይ እንደሚችል በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አርማታው በሚፈስበት ግማሽ ሰዓት በቦታው የሚገኘው ባለሙያው ነው። ሕጉ ለባለሙያው ፊርማ ክብር የሰጠው ዓይኑን አምኖ ነው። ሥራውን ሳያይ የሚፈርም፣ የሙያ ፈቃዱን ለሌላ እያከራየ በስሙ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው የሚሸጠው የራሱን ስም ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹን አባላት ፊርማ ሁሉ ዋጋ ያሳጣል፤ ከሁሉም በላይ በዚያ ጣራ ሥር የሚያድሩትን ሰዎች ሕይወት አሳልፎ ይሰጣል።

ስለሆነም ከማኅበሩ ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ አባል ያላየውን ሥራ እንዳይፈርም የሚያስገድድ የሙያ ሥነ ምግባር ጸንቶ እንዲሠራበት ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ «አልፈርምም» በማለቱ ከሥራ የሚባረረውን ወጣት መሐንዲስ ብቻውን አለመተው ነው፤ በሕግ ምክር፣ በደብዳቤ፣ ሌላ ሥራ በማፈላለግም ቢሆን ከጎኑ መቆም ያስፈልጋል። በዚያ መወጣጫ ላይ አንገቱን የደፋው ወጣት ዕውቀት ጎድሎት አልነበረም፤ የጎደለው ወገን ነበር። ሦስተኛ፣ ሰውንና ድርጅትን ሳይጠሩ በየሥራው የሚገኘውን ጉድለት ሰብስቦ ለአባላት ማካፈል ነው፤ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው እንዳይደግመው።

አካል ጉዳተኞችም ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለምረቃ ከመጠራት ይልቅ፣ ፕላኑ በጠረጴዛ ላይ ሳለ አሳባቸውን እንዲሰጡ ቢጠየቁ፣ የ12 ሜትሩ ሒሳብ በጊዜው ይታሰባል። ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ከማንም መሐንዲስ ይበልጥ የተዳፋትን ልክ ያውቃል፤ በየዕለቱ በክንዱ ይለካዋልና።

ነገ ጧት በየሥራው ቦታ የአርማታ ማሽን ይነሣል። ከአባላት አንዱ በአንድ ዓምድ አጠገብ ሜትሩን ይዘረጋል፤ ከታች የሚጠብቁት ሰዎች ይቸኩላሉ፤ ዝናቡም ያዝላል። የሕንፃ አዋጁ፣ የአሠራር ደረጃውና የዚህ ጉባኤ ውሳኔ ሁሉ በዚያች ሰዓት በእርሱ እጅ ላይ ናቸው። አርማታው ገና አልደረቀምና፣ «ይፈታና እንደገና ይታሰር» ለማለት ጊዜው አለው።